ትኩሱን ሥጋ ያለፉት አሞራዎች

የፋሲካ ዕለት ሀና ማርያም ሰፈር፣ ደምሰው ግቢ ውስጥ የቅርጫው በሬ ታርዷል። ጎረቤቱ ሁሉ ድርሻውን ይጠብቃል።

ደምሰው ሁዳዴ ሳይገባ የጎረቤቱን የገላኔን ውሻ በተመረዘ ሥጋ ገድሎ ወንዝ ዳር ጥሎት ነበር። ውሻውን የበሉት አሞራዎችም እዚያው አለቁ። ሲነገረው «አሞራ ደግሞ ለምን ይጠቅማል?» ብሎ ሳቀ። መርዝ ከጣሉበት ቦታ የማይነቃነቅ የሚመስለው ደንቆሮ! የሞተውን ማን እንደሚበላው፣ በላተኛውን ደግሞ ማን እንደሚበላው አንድ ቀን እንኳ አስቦ አያውቅም።

የበሬው ፈርስና አንጀት በር ላይ ተደፋ። አሞራዎች ወረዱ፤ አንጀቱን ግን ረግጠው አልፈው ደምሰውን ከበቡት።

«ትኩሱን ትተው አንተን መረጡህ እኮ!» ብሎ አራጁ ፍሮምሳ ቀለደ።

«እሽ! ዞር በሉ!» አለ ደምሰው።

አልሸሹም። ዝንቦቹም ከበሬው ሥጋ ላይ ተነስተው ዓይኑና ከንፈሩ ላይ ሰፈሩ። ሊያባርራቸው ሞከረ፤ እጁ አልነሳ አለው። የሚስቅ ሰው ጠፋ።

ገላኔ ወደ ሚስቱ ወደ ውዳሴ ቀረበች።

«እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ» አለቻት።

ደምሰው እንደቆመ ያያቸዋል።

ውዳሴ «አሜን» አለችና ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰች።