የኢፋ ማሊያ

ብሪድ ቤቷ ተቀምጣ የመንደሯን የሴቶች ጌሊክ ፉትቦል፣ የአየርላንድ ባህላዊ እግር ኳስ፣ ክለብ ማሊያዎች እያጠፈች ሳለ ከተጫዋቾቹ አንዷ ክሊዮና ገባች። የዚህ ክለብ ማሊያ የለባሿን አሯሯጥ ይይዛል፤ ቀጥላ ለለበሰችውም ያወርሳል። በፈላ ውሃ ካልታጠበ አይለቅም። ክሊዮና አሁን የምትለብሰውን አሥራ አንድ ቁጥር ማሊያ ግን ብሪድ ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ታጥበዋለች። አምና የሞተችው የልጇ የኢፋ ነበር።

«እሁድ በኢፋ ግራ እግር ዋንጫ እንወስዳለን ይላሉ» አለች ክሊዮና። «እኔ እኮ በቀኝ እግሬ ነበር የምመታው።»

«ቀኝሽማ ከአጥር ማዶ ያሉትን ላሞች እንጂ ጎል አግኝቶ አያውቅም።»

ክሊዮና እየሳቀች የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥን ከፈተች። ከሰሃኖቹ ጀርባ እጇን ሰዳ እጀታው የተሰበረ ኩባያ አወጣችና ውሃ ቀዳች። ኩባያውን እዚያ ትደብቅ የነበረችው ኢፋ ናት።

«እዚህ ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ?» አለች ብሪድ።

ክሊዮና ኩባያውን አየችው። «ኧረ በጭራሽ።» ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ትናንት እናቴ በስሜ ስትጠራኝ፣ ሌላ ሰው የጠራች መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ብሪድ አሥራ አንድ ቁጥሩን ማሊያ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ከዚያ ተነስታ ውሃ ጣደች። ሲፈላ ነከረችው፤ አሸችው፤ ጨመቀችው።

«ለእሁድ ይደርቃል» አለችና ገመዱ ላይ ሰቀለችው።