ስልሳ ሦስት ጥቆማ

ሊፍት ጠጋኙ ምሳውን የሚበላው እዚያው የሊፍቱ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። በአንድ እጁ ዳቦውን፣ በሌላው ስልኩን ይዞ፣ በፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች በሚጻጻፉበት ሰርቨር ላይ የመጣውን ጥቆማ ያያል። ጥቆማ የሚላከው ከጽሑፉ ወይም ከፎቶው ሥር ያለችውን ትንሽ ባንዲራ በመንካት ነው። ሾፌር፣ ነርስ፣ ዘበኛ፣ ሁለት ሺህ ያህል ሰው እዚያ አለ። ተሳዳቢውንና አጭበርባሪውን የሚያስወጡት ተቆጣጣሪዎች እሱና አንዲት ፋርማሲስት ናቸው። ደመወዝ የለውም፤ ምስጋናም የለውም።

እንዲህ ያለ ሰርቨር በየቦታው ሞልቷል። እያንዳንዱ የራሱ ቤትና የራሱ ሕግ አለው፤ ከሌላው ጋር ይጻጻፋል፣ ያልተስማማውን ደግሞ ይዘጋል። ከተዘጋ በአንዱ ሆኖ በሌላው ያለን ሰው የሚከታተል ሁሉ ግንኙነቱ ይቆረጣል። በኋላ ቢከፈት እንኳ የተቆረጠው መልሶ አይቀጠልም፤ እያንዳንዱ ሰው ወዳጁን እንደ አዲስ ፈልጎ ማግኘት አለበት።

አሁን ግን ከሁለት ወር በላይ ሆኖታል፣ ጥቆማ የሚመጣው በራሱ በሊፍት ጠጋኙ ላይ ነው።

ጥፋት የተባለው ፎቶው ነው። ሁልጊዜ ጠዋት ሥራ ሊገባ ሲል ፊቱን አንስቶ ይለጥፋል። ሁለት ፈረቃ መሥራት ከጀመረ ወዲህ ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በስቷል፤ ፎቶውን ግን አንድ ቀን አላስታጎለም። ፎቶው ለእናቱ ነው።

አባቱ ሲሞት ካለበት ሩቅ ከተማ ለቀብር አልደረሰም። ታላቅ ወንድሙ በስልክ «ከእንግዲህ ወንድም የለኝም» ብሎ ዘጋበት። እናቱ ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ ስልክ አይሆናትም፤ ፊደልም አልቆጠረችም። የዛሬ ዓመት ግን የሰፈራቸው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በቤተ መጻሕፍቱ ሰርቨር ላይ ለእናቱ ገጽ ከፈተችላትና «ከእንግዲህ ፎቶህን ታያለች» ብላ ጻፈችለት። ከእናቱ ጋር የቀረችው መንገድ ያቺ ብቻ ናት። እናቱ ግን እስከ ዛሬ «ወደድኩት» የምትለዋን ኮከብ አንዴ እንኳ ነክታለት አታውቅም።

ጥቆማው የሚመጣው ከዚያው ከቤተ መጻሕፍቱ ሰርቨር ነው። የሚታየው የሰርቨሩ ስም ብቻ ነው፣ የጠቋሚው ስም አይታይም። ምክንያት የሚጻፍበት ቦታም ባዶ ነው።

«ሻለቃ ነው፤ ሌላ ማን ሊሆን?» አለ ሊፍት ጠጋኙ፣ ፋርማሲስቷ በስልክ ስታገኘው።

ሻለቃ የሚለው ታላቅ ወንድሙን ነው። ወታደር ቤት ደጃፍ ደርሶ አያውቅም፤ ሲናገር ግን ሰው ቀጥ ብሎ እንዲቆምለት ይፈልጋል።

«እሁድ እሁድ ጥቆማው አይመጣም። ልብ ብለኸዋል?» አለች።

«እሁድ ሚስቱ ቤት ትውላለች። እሷ ፊት አይደፍርም።»

«ለሰርቨሩ ኃላፊ ጻፍ እንጂ ወንድሜ።»

«ሦስቴ ጻፍኩ። ያቺ ሠራተኛ ለቃ ሄዳለች መሰለኝ፣ የሚመልስ የለም።»

በተቆጣጣሪ ላይ ጥቆማ ሲመጣ ሌላው ተቆጣጣሪ አንድ በአንድ አይቶ መወሰን አለበት። ፋርማሲስቷ መድኃኒት እየሸጠች ሃምሳ ሰባት ጊዜ «ጥፋት የለም» ብላለች። «ዘንድሮ ከባሌ ፊት ይልቅ ያንተን ነው ያየሁት» አለችው። እሱ አልሳቀም። ነገሩ አፈትልኮ ወጥቶ አባላቱ ያሽሟጥጡት ጀምረዋል፤ በየቀኑ የሚጠቆምበት ሰው እንዴት እኛን ይቆጣጠራል ይሉታል።

ሕጋቸው ግልጽ ነው። ሦስት ደብዳቤ ተጽፎለት ያልመለሰ ሰርቨር ይዘጋል።

«እናትህስ?» አለች ፋርማሲስቷ።

«እናቴ አታየኝም እህቴ። ብታየኝ ኖሮ በዓመት አንዴ እንኳ ኮከቧን ትነካልኝ ነበር። ወይ ሻለቃ ከልክሏታል፣ ወይ እሷም ተቀይማኛለች።» ይህን ብሎ የተረፈውን ዳቦ መልሶ ጠቀለለው።

«አንድ ሳምንት ብቻ ታገሥ።»

ታገሠ። በሳምንቱ ውስጥ ስድስት ጥቆማ መጣ፤ ስልሳ ሦስት ሞላ። ሰኞ በምሳ ሰዓት የሰርቨሩን ስም አውጥቶ «ዝጋ» የሚለውን ነካ። ስልኩ እርግጠኛ መሆኑን ጠየቀው። እርግጠኛ ነኝ አለ።

ማክሰኞ ጥቆማ አልመጣም። ረቡዕም አልመጣም። ፋርማሲስቷ «እፎይ በል» ብላ ጻፈችለት፤ እሱ ግን እፎይታ የሚባል ነገር አልተሰማውም። ፎቶ ማንሳቱንም ተወው። ማን ሊያየው ያነሳል?

ሐሙስ ጠዋት እናቱ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። አዲሱን ሠራተኛ በእጇ ጠራችው።

«ልጄ ዛሬም የለም» አለችው።

ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ ገጹን አየና ወደ ጆሮዋ ተጠግቶ ጮክ አለ። «እማማ፣ ወዲያ በኩል ያሉት ሰዎች ዘግተውብናል። ከዚህ ሆኜ ልከፍተው አልችልም።»

«ምን አጥፍተን?»

«እንጃ። ለመሆኑ ከእሁድ በቀር በየቀኑ መጥተው ምን ነበር የሚነኩት?»

ከሌላ ሰው ፎቶ ሥር ያለችውን ትንሽ ባንዲራ በጣቷ አሳየችው።

«ይቺን ነው? ማን አሳየዎት?»

«እዚህ የነበረችው የበፊቷ ልጅ ናት፤ ‹የሚያሳስብዎ ነገር ካዩ ይቺን ይንኳት፣ ኃላፊዎቹ ያዩታል› አለችኝ፤ ልጄ ደግሞ በየቀኑ እየከሳ መጣብኝ።»