ጨውና የምስጋና ብርጭቆ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም.፣ በግንቦት ወር መጨረሻ፣ ኤስኪል ብሩሊን የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሳለ፣ በዩኒቨርሲቲ ከተማዋ በኡፕሳላ ራሱ በጠራው እራት ላይ ተቀምጦ መውጫ አጣ።

ጠዋት በዶክትሬት ጽሑፉ ላይ በአደባባይ ተከራክሯል። በወጉ መሠረት ተከራካሪዎቹን የሚጋብዘው፣ ተነሥቶም የሚያመሰግናቸው እርሱው ነው፤ ቢያከብሩትም፣ ቢያዋርዱትም።

የክርክሩ ምክንያት ጨው ነበር። ሊቃውንቱ ሲያስተምሩ የኖሩት፣ በውሃ የሟሟ ጨው ሁለቱ ወገኖቹ ተቃቅፈው እንደሚቆዩ፣ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ብቻ ተላቅቀው፣ ባልዲ እንደሚቀባበሉ እሳት አጥፊዎች ከእጅ ወደ እጅ እንደሚያሻግሩት ነው። ኤስኪል ግን ሲለካ ከርሞ፣ ኤሌክትሪኩ ከመምጣቱ በፊት ተለያይተዋል ብሎ ጻፈ።

ጓደኛው ቶርስተን፣ ሰዉን እንዲያስቅ በወጉ የተመደበው ሦስተኛ ተከራካሪ፣ የጠዋቱን ቀልድ ደገመው።

«ባልና ሚስት ውሃ ገቡ፤ ዳኛ ሳይሰማ፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥ ተፋቱ ይለናል። እኔማ ከእንግዲህ ሚስቴን ወንዝ አላሻግራትም።»

ሁሉም ሳቁ። ኤስኪልም ሳቀ፤ ጋባዥ ማኩረፍ አይችልምና።

ከጎኑ የተቀመጡት ውጤት ሰጪው ፕሮፌሰር ሲልቫንደር ወደ ጆሮው ዘንበል ብለው አንሾካሾኩ። ውጤቱ የሚፈረመው ነገ ነው፤ ጽሑፉ እንዳለ ከጸደቀ የሚሰጠው ዝቅተኛው ማለፊያ ነውና የዩኒቨርሲቲው በር ይዘጋበታል፤ ዕጣው የገጠር መምህርነት ነው። ዛሬ ተነሥቶ በጽሑፉ «በፊት» ያላትን ቃል የወጣትነት ችኮላ ናት ቢል ግን ውጤቱ ይሻሻላል።

«አንዲት ቃል ናት፣ ልጄ። በምስጋናህ መሀል ዋጣት፤ ማንም አያይህም።»

ከኤስኪል ፊት ለፊት አባቱ ተቀምጠዋል፤ የሰሜን ገጠር ቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ፣ በተውሶ ኮት። በገበታ ወግ እንዳይሳሳቱ ከማታው መጀመሪያ አንሥቶ ዓይናቸው ከፕሮፌሰሩ እጅ አልተነቀለም፤ ፕሮፌሰሩ ማንኪያ ሲያነሡ ያነሣሉ፣ ሲጠጡ ይጠጣሉ።

ኤስኪል ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ። ተከራካሪዎቹን አንድ በአንድ፣ ቶርስተንንም ሳይቀር፣ አመሰገነ። «ስለ ጨዉ ደግሞ» ሲል ፕሮፌሰሩ አይዞህ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስለ ጨዉ ደግሞ፣ ጌታዬ፣ ቃሏን እኔ ብውጣትም እርሱ ሳያስፈቅደኝ ተለያይቷል። ስላደመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።»

ብርጭቆውን ከፍ አደረገ። የማንም እጅ አልተንቀሳቀሰም። ፕሮፌሰሩ የብርጭቆአቸውን አፍ በመዳፋቸው ከደኑ።

አባቱ፣ ስለ ጨውም ስለ ኤሌክትሪክም አንዳች ያልገባቸው ሰው፣ ያን የተከደነ ብርጭቆ ትኩር ብለው አዩት። ልጃቸውንም አዩ። ከዚያም ወንበራቸውን ገፍተው፣ ብርጭቆአቸውን ይዘው ተነሡ።

ከእርሳቸው በኋላ ማን እንደ ጠጣ፣ ማን እንዳልጠጣ አላውቅም፤ የሚያውቅ ይንገረኝ። የአባቱ ብርጭቆ ግን ተጠጥቶ ባዶውን ማዕዱ ላይ ተቀመጠ።