የዊሳል ጉልበት

«ላላ በይ እንጂ፣ ግትር።» ኤምና የዊሳልን ጉልበት በሁለት እጇ ይዛ ቀስ እያለች ወደ ሆዷ ታጥፈዋለች። «ከእኔ ጋር አትታገይ።»

«የስፋክስ ሰው እጅ አርፎብኝ እንዴት ልላላ? እናንተ እኮ ከሰው ጉልበትም ማትረፍ ታውቃላችሁ።»

ስፋክስ የነጋዴ ከተማ ናት፤ የዚያው ልጅ ኤምና ሁልጊዜ በዚህ ቀልድ ትስቅ ነበር። አሁን ግን ገና ሳትስቅ የአልጋው መጋረጃ ተገለጠ። የክፍሉ ኃላፊ ማዳም ራውዳ ነጭ ጋውን የለበሱ ተማሪዎች አስከትለው ገቡ።

«አትነሺ ልጄ፣ እንደተኛሽ ሁኚ» አሏት ዊሳልን። «ደስ ካለሽ ለሁለተኛ ዓመቶቹ ጉልበትሽን እናሳያቸው።»

ዊሳል ደስ አላት። በበጋው የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ላይ ለጎል ዘልላ ስታርፍ ነበር ጉልበቷ የዞረባት። ቀዶ ሕክምናው ካለቀ ጀምሮ በየቀኑ እዚህ አልጋ ላይ ትተኛለች። ኤምና የመጨረሻ ዓመት የስፖርት ሕክምና ተማሪ ናት፤ ዶርምም አብረው ነው የሚኖሩት። ጓደኛዬን ሌላ ሰው አይነካትም ብላ፣ ማዳምን ለምና የወሰደቻት እሷው ነች።

«በይ አስረጂያቸው» አሉ ማዳም።

ኤምና ዊሳልን አየቻትና ወዲያው ዓይኗን ሰበረች። «ማዳም፣ በኋላ ቢሆንስ? ልምምድ መሀል ነን።»

«ብዙ አንቆይም። ምን አስፈራሽ፣ የራስሽ ሥራ አይደል?»

«የእጅ ኳስ ተጫዋች ናት» ብላ ጀመረች ኤምና። «የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ነበር፣ ተተክቷል። ጥሩ ይዟል።» እዚህ ላይ ቆመች።

«ልም አጥንቱስ፣ አጥንቶቹ እንዳይፋጩ የሚያደርገው?»

ኤምና ጉልበቱን መልሳ ማጠፍ ጀመረች።

«ኤምና፣ ልም አጥንቱስ?»

«አልቋል።»

«ጮክ በይ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

«አልቋል፣ ማዳም። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ነው የታየው።»

«እንግዲህ የሕክምናችን ግብ ምንድን ነው?» ማዳም ራውዳ ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። መነጽር ያደረገች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ወደ ሜዳ መመለስ?»

«አይደለም። ይሄ ጉልበት ከእንግዲህ ሮጦ አይዘልም። ከዘለለ በሠላሳ ዓመቷ ምርኩዝ ትይዛለች። የእኛ ግብ ሳያማት እንድትራመድ፣ ገበያ ደርሳ እንድትመጣ ነው።» ከዚያ ጎንበስ ብለው የዊሳልን ትከሻ ዳሰሱ። «ይሄንን ሰምቶ እንዳንቺ የሚበረታ ታካሚ ብዙ አላየሁም። ኤምና ስትነግርሽ እንዴት እንደተቀበልሽው አጫውታኛለች። ኮርቼብሻለሁ።»

ተማሪዎቹ በአክብሮት ያዩዋታል። ዊሳል ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ጉልበቷ አሁንም በኤምና እጅ ውስጥ ነው።

«አዎ» አለች ዊሳል። «ነግራኛለች።»

ለምን እንዳለች አታውቅም። አፏ ቀደማት።

ማዳም አመስግነዋት ወጡ፣ ተማሪዎቹም ተከተሏቸው። መጋረጃው ተዘጋ። ዊሳል እግሯን ከኤምና እጅ አላቅቃ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ዊሳል…»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሆስፒታል ከወጣሽበት ቀን። ማዳም ንገሪያት አሉኝ፣ ከጓደኛ አፍ ቢሆን ይሻላል ብለው። ልነግርሽ ነበር። አንቺ ደግሞ ያን ቀን መለያሽን አጥበሽ በር ላይ ሰቀልሽው። እንዴት ልንገርሽ?»

«እሺ፣ ያን ቀን አልቻልሽም። ትናንትስ?»

ኤምና ፎጣውን አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው።

«ትናንት ለሲ ሙንጂ ስደውል አጠገቤ ነበርሽ» አለች ዊሳል። ሲ ሙንጂ በትውልድ ከተማዋ በማህዲያ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ የስፖርት አስተማሪነቱን ቦታ ለሌላ ሳይሰጡ ይዘውላት ቆይተዋል። «ምን ልበላቸው ብዬ ጠየቅኩሽ። ‹ይቅርብሽ፣ በሚያዝያ ሜዳ ላይ ነሽ፣ ከሕፃናት ጋር ምን ታደርጊያለሽ› አልሽኝ። አልፈልግም አልኳቸው። አጠገባቸው የነበረው አባቴ ስልኩን ነጥቆ ሲለምነኝ እንኳ ዘጋሁበት።»

«ከሄድሽ ሥራዬ ይቋረጣል።» ኤምና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የመመረቂያ ሥራዬ አንቺ ነሽ። ሌላ ታካሚ ይዤ ከመጀመሪያ ብጀምር ዓመቱ ያልፈኛል። እስከ ሰኔ ብቻ ብዬ ነው፣ ወላሂ። ከዚያ ቁጭ አድርጌ ልነግርሽ…»

«እስከ ሰኔ።»

«ደግሞም ተስፋ ባይኖርሽ በየቀኑ አትመጪም ነበር። አሁን እንዲህ የምትራመጂው ስለመጣሽ እኮ ነው።»

ዊሳል ያ እውነት መሆኑን አወቀች፤ የባሰ ያናደዳት እሱ ነው። ጫማዋን ጎተተች። ኤምና እንደ ወትሮው ልታስርላት በርከክ ስትል እግሯን ሰበሰበች።

«ተይው።»

«ዊሳል፣ ለሲ ሙንጂ እኔ ልደውልላቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው እላቸዋለሁ።»

«ዛሬ ጠዋት ቦታውን ለጎረቤታችን ለጋዚ ልጅ ሰጡት። አባቴ ነው የነገረኝ። ሲነግረኝ፣ በሚያዝያ ሜዳ ላይ ነኝ ብዬ ስቄ ነበር።»

ማሰሪያውን ሳታስር ጫማው ውስጥ ጠቀጠቀችውና ወጣች። በኮሪደሩ ጫፍ ደረጃው አለ። በእልህ ጤነኛውን እግሯን አስቀድማ አወረደች፤ ከኋላ የቀረው ጉልበቷ ክብደቷን መሸከም አቅቶት ከዳት። የደረጃውን ብረት በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ከታች ካለው አዳራሽ የኳስ ድምፅና የሴቶች ሳቅ ይሰማል።

ስትወርጂ የታመመው ይቅደም፣ ስትወጪ ጤነኛው። ይሄንን የተማረችው እዚሁ ደረጃ ላይ ነው። ኤምና ከፊቷ ሆና፣ እጆቿን ዘርግታ፣ ብትወድቅ ልትቀልባት የኋሊት እየወረደች ነበር ያስተማረቻት።

ዊሳል የታመመውን እግሯን አስቀደመች፣ ጤነኛውን አስከተለች። እንደገና የታመመውን፣ እንደገና ጤነኛውን። ከፊቷ ባዶው ደረጃ ብቻ ነበር።