የእንግዳ ዓሣ

ጥሩ ምግብ ቤት ከሰባት አገር ማዶ በአፍንጫው የሚለየው የኮቶኑ ሾፌር ኮጆ፣ ዳካር ላይ የዓሣ መዓዛ ተከትሎ በአንድ ክፍት በር ዘለቀ፤ «ና፣ ብላ» ሲሉት ሰዎች በከበቡት የሩዝ ትሪ ዙሪያ ተቀመጠ። ትሪውን ያቀረበችው ሴትዮ ግን ዓሣውን በጣቷ እየቆረሰች ወደ እሱ ብቻ ትገፋ ጀመር፤ ሌሎቹ ባዶ ሩዝ ይጠቀልላሉ። የከረመውን እኔ ላይ ልታራግፍ ነው ብሎ ጠረጠረ። ነገ ደግሞ እስከ ባማኮ ይነዳል።

«እህቴ፣ ደህና ዓሣ ከሆነ እናንተስ ለምን አትበሉትም?» ብሎ ቁራጩን መለሰላት።

እጆች ሁሉ ቆሙ። «ልጄ፣ ምግብ ቤቱ ቀጥሎ ያለው በር ነው» አለ ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ሽማግሌ። «ይሄ ቤታችን ነው፤ ዓሣው የእንግዳ ድርሻ ነው።»

ኮጆ አፍሮ ሊነሳ ሲል ሴትዮዋ ቁራጩን እንደገና ገፋችለት። «ቁጭ በል። የባለ ምግብ ቤቷ ወጥ ቢጥም ኖሮ ባሏ እዚህ ምን ይሠራል?»

በቀኙ የተቀመጠው ሰውዬ አቀርቅሮ ሩዙን መጠቅለል ቀጠለ።