የምትመታዋ አምባር

«ቀጭ ቀጭ የሚለው ምንድን ነው? ፈንጂ ነው?» አለ አብዮት ጥበቃው፣ የጠመንጃውን አፈሙዝ ወደ ትንሿ ሃዎ እጅ አዙሮ።

እናቷ ዐስሊ ክው አለች። «አምባር ናት ጓድ፣ ዋላሂ! የመድፍ ድምፅ ከሰማች ወዲህ ልጄ ኮሽ ባለ ቁጥር ስትጮህ ትውላለች። እቺ እጇ ላይ ስትመታላት ነው ትንፋሿ የሚመለሰው።»

እውነቷን ነው። ያልተናገረችው፣ አምባሯን የሠራው ባሏ ጉሌድ አሁን ከራሳቸው በላይ፣ ኮርኒሱ ውስጥ በደረቱ መተኛቱን ነው። «የባቡሩ መንገድ ሳይቋረጥ ጅቡቲ ገብቷል» ብላ ለቀበሌው ምላለች። ሰዓት አዳሹ ጉሌድ ግን አፈሳውን ፈርቶ ቀን ተደብቆ እየዋለ፣ ማታ እየወረደ ከሰዓት ዕቃ ይህችን አምባር ሲሠራ ሲያፈርስ ከረመ። የመጀመሪያዋ ፈጠነችና ልጅቷን ይባስ አስበረገገቻት። ይህችኛዋን እንደ ተኛ ሰው ልብ እስክትዘገይ ድረስ አባበላት፤ በሁለት ቆዳ መሀል ሰፍቶም አሰረላት።

ሰውየው በርከክ አለ። «ማነው የሠራልሽ፣ ሚጢጢ?»

«አቦ!» አለች ሃዎ።

በሶማልኛ አቦ ማለት አባት ነው። አለቀልን፣ አለች ዐስሊ በሆዷ።

ሰውየው ግን የድሬ ልጅ ነው፤ ድሬ ላይ ደግሞ ሲሰለቸው «አቦ ተወኝ!» የማይል የለም። ከት ብሎ ሳቀ። «አቦ ትለኛለች እንዴ! ምላሷን አየሽልኝ?»

እየሳቀ አምባሯን ፈታ፤ ውስጧን ለማወቅ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረጋት። አንዴ ቀጭ አለችና ዝም አለች።

የሃዎ ደረት ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ዓይኗ ወደ ኮርኒሱ ወጣ። ጩኸቱ ሲመጣ ማንን እንደምትጠራ ዐስሊ ታውቃለች። ያ አላህ፣ አፏን ያዝልኝ!

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።

«አቦ፣ ሠራች!» አለ ሰውየው። የሰበራት መስሎት እሱም ደንግጦ ኖሯል። አምባሯን መልሶ አሰረላት፤ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጎ ወደ ጎረቤት ቤት ተሻገረ።

ዐስሊ በሩን ዘግታ የልጇን እጅ አነሳችና አምባሯን የራሷ ጆሮ ላይ ለጠፈች። ከአምባሯ ምንም ድምፅ አይወጣም። ሃዎ ግን አንጋጣ ኮርኒሱን እያየች፣ ከላይ ከሚመጣው ቀጭ ቀጭ ጋር እኩል ትተነፍሳለች።