የጃለታ ሶሎ

ጊታር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ሁሉ ከመሞቱ በፊት የሚመኘው ነገር አያጣም። አንዱ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ የራሱን ዜማ ድንገት በሬዲዮ መስማት ይመኛል። ሌላው የሚወዳት ልጅ ጊታሩን ሰምታ በመስኮት ብቅ እንድትልለት። የቡራዩው ጃለታ ምኞቱ አንድ ብቻ ነበር፤ አባቱ ሰምተውት "ጋሪዳ" እንዲሉት።

"ጋሪዳ" ማለት ጥሩ ነው ማለት ነው። ከኦቦ ሁንዴ አፍ ግን እንዲህ በዋዛ አይወጣም። ሰውየው የብረት በርና መስኮት ሠሪ ናቸው፤ ብየዳው ቀጥ ካላለ ዓይናቸው አያርፍም። ልጃቸው ጓዳ ገብቶ ጊታር ሲለማመድ፣ "ምነው፣ ድስቱ አረረ እንዴ? ማነው የሚፍቀው?" ይላሉ። እውነት እንነጋገር ከተባለ ጎረቤቱም ከእሳቸው ጋር ነበር።

ልጅ በማሳደግ ግን አይታሙም። ትልቅ ሰው እጁን ከዘረጋ፣ የያዙትን ጥሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጅ መጨበጥ ነው፤ ሌላ ወሬ የለም። ጃለታ አንድ ጊዜ የተሸከመውን መስኮት እግሩ ላይ ለቆ ሽማግሌ ጨብጧል። ጥፍሩ ወለቀ። ኦቦ ሁንዴ ግን "የኔ ልጅ!" ብለው ኮሩበት።

"ቤት ውስጥ ጣቴ እንጨት ነው፤" ይላል ጃለታ። "መድረክ ላይ ሲሆን ይፈታል። ሰው ሲያየኝ ነው መሰለኝ።"

እውነቱን ነው። ከሚጫወትበት ባንድ ጋር ሠርግ ላይ ሲወጣ ጊታሩ ኩልል ይላል። ባለፈው ሰበታ ላይ ክር ተበጥሶበት እንኳ አንድም ሰው አላወቀበትም።

"እግዜር ሲወድህ!" አለችው ሐኒ፣ የባንዱ ዘፋኝ።

የባንዱ አለቃ ወንዳፍራሽ ይባላል። ኪቦርድ ይጫወታል፤ ድምፅ የሚከፈትና የሚዘጋበትን ሚክሰር ከእሱ በቀር የሚነካው የለም። ኪቦርዱ ደግሞ የማያወጣው ድምፅ የለም። ባለማሲንቆውን አምና አሰናበተበት። ባለዋሽንቱን ከፋሲካ በኋላ።

"ቀጣዩ አንተ ነህ፤" አለች ሐኒ። "ይቀናብሃል። አላለችም እንዳትለኝ።"

ጃለታም ልቡ ይጠረጥራል። ወንዳፍራሽ ስለ አጨዋወቱ አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም። ሁልጊዜ የሚለው ይቺኑ ነው፦ "ቁመናህ ያምራል። ጀርባህን ለሰው አትስጥ። እኔ እስክነቀንቅ እንዳታቆም።" ስንት ዓመት ጣቱን ለላጠ ሰው ስለ ቁመና ይወራል? ቅናት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

አንድ ቀን ኦቦ ሁንዴ ሱሉልታ ሠርግ ተጠሩ። የሙሽራው ቤተሰብ በር ያሠራቸው ደንበኛ ነው፤ ባንዱም የነጃለታ ሆነ።

"እንግዲህ እሰማሃለሁ፤" አሉት ልጃቸውን። "ካልጣመኝ ጊታሩን ትሸጥና ብየዳ ትገባለህ። ከጣመኝ ስለ ብየዳ ዳግም አላነሳብህም።"

"እሺ፣ አባ።"

"ቃል?"

"ቃል።"

ጃለታ በበነጋው ወንዳፍራሽ ዘንድ ሄደ። እግሩ ላይ ለመውደቅ ተዘጋጅቶ ነበር።

"አንድ ሶሎ ስጠኝ፤ ጊታሬ ጎልቶ የሚሰማበት። አንድ ብቻ። አባቴ ይመጣል።"

"ምን ችግር አለ?" አለ ወንዳፍራሽ። "ረዘም ይበል እንዴ?"

ጃለታ ክው አለ። ወንዳፍራሽ እንዲህ በቀላሉ እሺ ያለው ነገር ኖሮ አያውቅም። ሮጦ ሐኒ ዘንድ ሄደ።

"ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር!" አለችው። "መሐል ላይ ድምፅህን ሊዘጋው ነው። አባትህ ፊት! አለቀልህ።"

የሠርጉ ዕለት ጃለታ የጊታሩን ገመድ እንደ ሕፃን ታቅፎ ዋለ። ወንዳፍራሽ ተቀብሎ ሲሰካው ግን የሚጠበቅ ነገር አንድ ብቻ ቀረ፤ የወንዳፍራሽ እጅ። ያ እጅ ወደ ሚክሰሩ ከሄደ የጃለታ ነገር በዚያው አበቃ፤ ከነገ ጀምሮ ብየዳ ነው።

ኦቦ ሁንዴ ከፊት ተቀምጠዋል። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ጠማማ በር እንዳመጡባቸው ሁሉ ፊታቸውን ቋጥረዋል።

"አሁን ደግሞ ጃለታ በጊታር!" አለች ሐኒ፤ ማይኩን ይዛ ወደ ጥግ ሄደች።

ጃለታ ሶሎውን ጀመረ። ዓይኑን ግን ከወንዳፍራሽ እጆች አልነቀለም።

እጆቹ ወደ ሚክሰሩ አልሄዱም። ጭራሽ ከኪቦርዱ ላይ አልተነሱም። ወንዳፍራሽ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ላቡ በግንባሩ ይንቆረቆራል። ለማጀብ ብቻ እንዲህ የሚለፋ ሰው! ይህን ሰው ነው ሲያማው የከረመው? ጃለታ አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

ጊታሩም እንደዚያን ቀን አልቅሶ አያውቅም። መጀመሪያ ሚዜዎቹ ተነሱ። ቀጥሎ እናቶች እልልታውን አቀለጡት። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ቆመች። በመጨረሻ የኦቦ ሁንዴ እጅ ከደረታቸው ላይ ተፈታ። ተነሱ። ሰው እየገፉ ወደ መድረኩ መጡ፤ ደረጃውን ወጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ጋሪዳ!" አሉ፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማ። "ጋሪዳ፣ ልጄ!"

እጃቸውንም ዘረጉለት።

ጃለታ ያሳደጉት ልጅ ነው። ጊታሩን አንገቱ ላይ ለቀቀው፣ ጎንበስ አለ፣ የአባቱን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ።

ሶሎው ግን ቀጠለ።